«አምጣው፣ እኔ ላድርገው» እና ሌሎች ልጅን ጥገኛ የሚያደርጉ ስህተቶች

ጠዋት ባጃጁ ደጅ ላይ ክላክስ ሲያደርግ የስምንት ዓመቱ ልጅ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ እናቱ ተንበርክካ የጫማውን ማሰሪያ ታስራለች። ድሬዳዋ ላይ ከሳቢያን እስከ መጋላ ይህን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሥራውን የሚማርበት ሰዓት ስላልተሰጠው ነው።

በጥድፊያ ሰዓት ማስተማር

ሲረፍድ ማንም ትዕግሥት የለውም። «አምጣው፣ እኔ ላድርገው» ይባላል፣ ልጁም መጠበቅን ይለምዳል። ጫማ ማሰርን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወይም ማታ ከእራት በኋላ አስተምሩት፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ፊት ለፊቱ አትቀመጡ፤ የእናንተ ቀኝ በእሱ ግራ በኩል ስለሚሆን ይምታታበታል። ከጎኑ ሁኑ።

ከዚያ ከመጨረሻው ጀምሩ። ቋጠሮውንም የማሰሪያውን ሁለት ጆሮዎችም (ቀለበቶቹን) እናንተ ሠርታችሁ፣ ስቦ ማጥበቁን ብቻ ለእሱ ተዉለት። እሱን ሲለምድ ሁለተኛውን ጆሮ ማሾለኩን ጨምሩ፣ ቀጥሎ መጠምጠሙን፣ በመጨረሻም የመጀመሪያውን ቋጠሮ። ከመጀመሪያው ከተጀመረ መሃል ላይ ይጠፋበትና ይተወዋል፤ ከመጨረሻው ከተጀመረ ግን ሁልጊዜ ጨራሹ እሱ ነው። ሸሚዝ ደግሞ ከታችኛው ቁልፍ ይጀመራል፣ ዓይኑ የሚያየው እሱን ነውና። የአንገቱ ከሁሉም ይከብዳል፣ መጨረሻ ይድረስ።

መላክን ራስን እንደ መቻል መቁጠር

«ልጄ ጎበዝ ናት፣ የላኳትን ታመጣለች» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። መታዘዝ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስትላክ የዋለች ልጅ አንድም ነገር ሳትወስን ሊመሽ ይችላል። የምትወስነው ነገር ስጧት። «ግማሽ ኪሎ ቲማቲም፣ ለሰላጣ» በሏትና መምረጡን ለእሷ ተዉት። ከመውጣቷ በፊት ግን በእጇ አስይዛችሁ አሳዩአት፤ ጠንከር ያለው ለሰላጣ፣ የላላው ለወጥ። መልሱንም ከሻጩ ፊት ሳትነቃነቅ ትቁጠር።

የላላውን ቲማቲም ይዛ ከመጣች መልሳችሁ አትላኳት። ራሷ ትክተፈው፣ ቢላዋው ሥር ሲፈርጥ ትየው። ቲማቲሙ ለቁሌት ይሆናል፣ ትምህርቱ ግን ከእሷ ጋር ይቀራል። የድሬን ፀሐይ ደግሞ አትርሱ፤ ትንሽ ልጅ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ቢላክ ይሻላል።

«እዚያ እንዳላይህ» ብሎ ምክንያቱን አለመንገር

ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። «እንዳላይህ» ብቻ የተባለ ልጅ፣ የሚያየው ከሌለ ይሻገራል። ጎርፉ የሚመጣው ከደጋው፣ ከደንገጎ በኩል መሆኑንና ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ እንደሚችል ንገሩት። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ይህ ከልጅ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ተራራው ሲጠቁር ወደ አሸዋው አይውረድ፤ በድልድይ ይሻገር፤ ጉርምርምታ ከሰማ የያዘውን ዕቃ ጥሎ ወደ ከፍታ ይሩጥ። ደንቡን ከነምክንያቱ በራሱ አፍ መልሶ እስኪነግራችሁ ድረስ ብቻውን አትልቀቁት።

የሠራውን መልሶ መሥራት

አልጋውን አንጥፎ ሳይጨርስ እናት ወይም ሠራተኛዋ ከኋላው ታስተካክላለች። ልጁ የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ የእኔ ሥራ አይቆጠርም። መፍትሔው «አለቀ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ መስማማት ነው። ለምሳሌ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የውኃ ባልዲውን በየሳምንቱ ይረከብ። ያለቀው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ የቀረው ውኃ ተደፍቶ፣ የውስጥ ግድግዳው በብሩሽ ተፈትጎ፣ ክዳኑ ክፍተት ሳይተው ተገጥሞ። መድፋት ብቻ አይበቃም፤ የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የወባ ትንኝም ድሬ ውስጥ በተጠራቀመ የቤት ውኃ ትራባለች። ልጁ የሚሠራው የቤተሰቡን ጤና የሚጠብቅ እውነተኛ ሥራ መሆኑን ይወቅ። ትልቁን በርሚል ግን አትስጡት፤ ጎንበስ ሲል ውስጡ ሊወድቅ ይችላል። የእሱን ክዳን ማየት ብቻ ይበቃዋል።

ለሴቷ መጥረጊያ፣ ለወንዱ ኳስ መስጠትም ሁለቱንም ይጎዳል፤ ሥራው በየሳምንቱ ይቀያየር። በተቃራኒው ደግሞ ራሱን ይችላል ተብሎ ከሰል ማቀጣጠል ወይም የፈላ ውኃ መገልበጥ ለትንሽ ልጅ አይሰጥም። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል አዋቂንም ይገድላል።

ደብተሩን ረስቶ ሲሄድ በባጃጅ እየተከተሉ ማድረስም ይቅር። የክፍለ ጊዜውን ሰሌዳ ከአልጋው አጠገብ ለጥፉለትና ማታ ማታ ቦርሳውን እያየ ራሱ ያዘጋጅ፤ አንድ ቀን ያለ ደብተር መዋል አይጎዳውም። መነፅሩን ወይም መድኃኒቱን ከረሳ ግን ፈጥናችሁ አድርሱለት።