በሌቭል መነፅር ውስጥ ያሉትን መስመሮች ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከፒያሳ እስከ ለገሃር ባሉት ግንባታዎች ሌቭል (በአግድም የሚያይ የከፍታ መለኪያ መነፅር) ተክለው ስታፍ (ቁጥር የተጻፈበት ቀጥ ብሎ የሚቆም መለኪያ ዘንግ) የሚያነቡ ወጣት ቀያሾች ደጋግመው የሚሳሳቱት መሣሪያቸው ስለተበላሸ ሳይሆን፣ በመነፅሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚለካ ስለሚዘነጉ ነው።

ከሁሉም የከፋው የስታዲያን መስመር እንደ ከፍታ ማንበብ ነው። ከፍታ የሚነበበው በረጅሙ፣ በመካከለኛው አግድም መስመር ብቻ ነው፤ ከላይና ከታች ያሉት ሁለት አጫጭር የስታዲያ መስመሮች የርቀት ሲሆኑ፣ የንባባቸው ልዩነት በ100 ሲባዛ ከመሣሪያው እስከ ስታፉ ያለውን ርቀት ይሰጣል። ይህን ያልተማረ ቀያሽ የለም፤ ሆኖም የኮንክሪት መኪና በር ላይ ቆሞ ሹፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ፣ የተቻኮለ ዐይን በመጀመሪያ ያገኘውን መስመር ይይዛል። ፒያሳ አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ 30 ሜትር የሚረዝም የዝናብ ውኃ ቱቦ በ0.5 በመቶ ተዳፋት እንዲዘረጋ ታዝዞ ነበር፤ ጠቅላላ ቁልቁለቱ 15 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ቀያሹ ሌቭሉን ከላይኛው ማንሆል አጠገብ ተክሎ፣ ለታችኛው ጫፍ በተሰላው ንባብ ላይ መካከለኛውን ሳይሆን የላይኛውን አጭር መስመር አሳረፈ። በ30 ሜትር ርቀት በመካከለኛውና በላይኛው መስመር መካከል ያለው ልዩነት ያው 15 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ቱቦው ለጥ ብሎ ተቀበረ፤ ክረምት ሲገባም ውኃው ወደ ግቢው ተመለሰ።

መድኃኒቱ ሦስቱንም አንብቦ መጻፍ ነው። ላይኛው 1.582፣ ታችኛው 1.282 ከሆነ፣ የድምራቸው ግማሽ 1.432 ነው፤ መካከለኛው ከዚህ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከራቀ ንባቡ ይደገም። «ጊዜ የለም» የሚለኝ ቀያሽ የተቀበረ ቱቦ ቆፍሮ ለማውጣት ጊዜውን ከየት እንደሚያመጣው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሁለተኛው፣ መስመሮቹን ሳያጠሩ ስታፉን ማጥራት ነው። አስቀድሞ መነፅሩን ወደ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ወረቀት አዙሮ፣ መስመሮቹ ጠቁረውና ቀጥነው እስኪታዩ ድረስ የዐይን መመልከቻውን ማስተካከል፣ ከዚያ ወደ ስታፉ መመለስ ይገባል። ራስን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ መስመሩ በስታፉ ላይ የሚዋልል ከሆነ፣ ማጥራቱ ገና አላለቀም ማለት ነው። የሰው ዐይን ስለሚለያይ፣ ጓደኛዎ ካየበት በኋላም ይህንኑ ይድገሙ።

ስታፍ ያዡን ችላ ማለትም አለ፤ ያጋደለ ስታፍ ንባቡን ያስበልጣል፤ 5 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል በ3 ሜትር ንባብ ላይ 11 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ስለዚህ ስታፉን ቀስ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲያወዛውዝ ይንገሩትና ትንሹን ንባብ ይያዙ።

በ100 ማባዛትን ሳያርሙ ወደ ቴዎዶላይት (መነፅሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘነብል ማዕዘን መለኪያ) የሚወስዱም አሉ። የሌቭል እይታ አግድም ስለሆነ እርማት አያሻውም፤ እንደ ቸርችል ጎዳና ባለ ቁልቁለት ላይ ግን የቴዎዶላይቱ መነፅር 10 ዲግሪ ካዘነበለ 50 ሜትር የሚመስለው አግድም ርቀት በትክክል 48.5 ሜትር ያህል ነው፤ ውጤቱን በማዕዘኑ ኮሳይን ስኩዌር ማባዛት የግድ ነው።

በእኩለ ቀን አስፋልት ላይ የታችኛው መስመር መሬት ሊነካ ሲቃረብ ንባቡ በሙቀቱ ይርገበገባል፤ ከግማሽ ሜትር በታች ከወረደ መሣሪያውን ያዛውሩ።