ጄሪካኑ እንዲከብድ፦ ፖዝና አኒሜሽን ለጀማሪ ተማሪ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ቅዳሜ ገበያ ውጡ። ጎንደር ውስጥ ሸክም ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ባለ 20 ሊትር ሙሉ ጄሪካን በቀኝ እጁ ያንጠለጠለ ሰው ስታገኙ ቆም ብላችሁ እዩት፦ ደረቱ ወደ ግራ ያጋድላል፣ ቀኝ ክንዱ እንደ ገመድ ይወጠራል፣ ግራ እጁ ሚዛን ፍለጋ ከጎኑ ይርቃል። ፊቱን ተዉት።

መጀመሪያ ከራሱ እስከ ቆመበት እግር አንድ መስመር ብቻ አስምሩ። የፖዙ፣ ማለትም የሰውነቱ አቋም፣ አከርካሪ እሷ ናት። እጅና እግሩን በላይዋ ጨምሩ። ለአንድ ሥዕል ከ30 ሰከንድ በላይ አትስጡ፤ ሰውየውም አይጠብቃችሁም።

ቤት ስትገቡ ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ አጥቁሩት። ምን እያደረገ እንደሆነ ከጥላው ብቻ ካልታወቀ ፖዙን ቀይሩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ደረት ላይ የተለጠፈ እጅ ነው፤ ወደ ጎን አውጡት። ጋቢ የደረበ ሰው ለጊዜው ይቅርባችሁ፣ ጉልበትና ክርን ይደብቃል።

ከዚያ ማንቀሳቀስ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም (ስክሪን ላይ ተራ በተራ የሚታይ ምስል) ያዙ፤ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ካቆያችሁት 12 ሥዕል ይበቃል። ሦስት ቁልፍ ፖዞች ይቅደሙ፦ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ እጀታውን ይዞ፣ አንስቶ።

የኔ የመጀመሪያ ሥራ ላይ ጄሪካኑ ከሰውየው እኩል ተነሳ። ጓደኛዬ አይቶ «ውሃውን የት ደፋኸው?» አለኝ። ልክ ነበር። ሙሉ ጄሪካን ወዲያው አይነቃነቅም፦ ጉልበቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ዳሌው ይነሳል፣ ትከሻው ይከተላል፣ ክንዱ ይወጠራል፣ ጄሪካኑ መሬት የሚለቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እስከዚያ አራት አምስት ሥዕል ካለበት አታንቀሳቅሱት። ሲነሳም የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች አቀራርቡ፤ መቀራረብ ዝግታ ነው፣ መራራቅ ፍጥነት።

ይህን ኮምፒውተር ላይ ለመሥራት ብሌንደር የሚባል የአኒሜሽን ፕሮግራም አለ፤ ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ቁልፍ ፖዞቹን ስታስገቡ ኢንተርፖሌሽኑን (በፖዞች መካከል ያለውን አሞላል) ኮንስታንት አድርጉት፤ ያኔ እያንዳንዱ ፖዝ ቀጣዩ እስኪመጣ ባለበት ይቆያል። አለዚያ ፕሮግራሙ መሃሉን በራሱ ይሞላና ሰውየው ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ይመስላል። መብራት ሳይሄድባችሁ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ።

እስክስታ መሥራት እንዳማራችሁ አውቃለሁ፤ የትኛው ጎንደሬ አያምረውም? ግን ትከሻው በቅጽበት ደርሶ ስለሚመለስ በ12 ሥዕል ይቆራረጣል፤ 24ቱንም ፍሬም አንድ በአንድ መሣል ይጠይቃል። ለሚቀጥለው ወር አቆዩት።