ጁገል ውስጥ ቤት እንዴት ይታያል?

አንድ የአዲስ አበባ ጓደኛ አለኝ፤ የድሮ ሕንፃ ሲያይ ራሱን ይስታል። አቴንስ ሄዶ ዓምድ ሲቆጥር የዋለ ሰው ነው። ሐረር ወስጄው ግማሽ ቀን ጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ ካዞርኩት በኋላ "ግንብና ጠባብ መንገድማ አየን፤ ቤቶቹ የታሉ?" አለኝ። መሀላቸው ቆመን እኮ ነው! ጥፋቱ የኔ ነበር። የምኖረው ድሬ፣ ከዚራ ነው፤ እንጀራዬም የቤት ፕላን መሳል። ሆኖም እንዴት እንደማሳየው አላሰብኩበትም ነበር። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ስወስድ እንዲህ ነው የማደርገው።

ከድሬ በጠዋት ሚኒባስ ያዙ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደንገጎን ስትወጡ አየሩ ይቀየራልና ሹራብ አትርሱ። ጫማችሁ ደግሞ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን።

ሐረር ስትደርሱ በሐረር በር አትግቡ። እሱ ለመኪና ተብሎ ኋላ የተከፈተ ነው፤ ቀጥ አድርጎ መሀል አደባባዩ፣ ፈረስ መጋላ፣ ይጥላችኋል። ባጃጅ ይዛችሁ ሸዋ በር ውረዱና በእግር ግቡ። ከአምስቱ የጥንት በሮች አንዱ ነው። ሌሎቹ ፈላና፣ ኤረር፣ ሰንጋና ቡዳ በር ናቸው። ግንቡ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው። ጠጋ ብላችሁ ድንጋዩን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ሻካራ ነው፣ ሐሺ ይሉታል።

መጀመሪያ የሕንድ ነጋዴዎች ያሠሯቸውን ቤቶች እዩ። ራምቦ ቤት አንዱ ነው፤ ሌላው የራስ ተፈሪ ቤት፣ የዛሬው ሸሪፍ ሙዚየም። የእንጨት በረንዳ፣ ባለቀለም መስታወት፣ ፎቅ። ሁለቱም ወደ ውጭ ዞረው "እዩኝ፣ እዩኝ" የሚሉ ቤቶች ናቸው። (ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር መኖሩ እውነት ነው። እዚህ ቤት ኖረ የሚለውን ግን አትመኑ፤ ቤቱ ከእሱ በኋላ የተሠራ ነው።) ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል። ከነሱ መጀመር የፈለግሁት ልዩነቱ እንዲገባችሁ ነው።

የሐረሪ ቤት፣ በነሱ ቋንቋ ጌይ ጋር፣ ለመንገዱ ጀርባውን ነው የሚሰጠው። ከውጭ የምታዩት የተቀባ ግድግዳና አንድ የግቢ በር ነው። በቃ። ጥበቡ ሁሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚያስገባችሁ ሰው ያስፈልጋል። አስጎብኚ ያዙ፤ ዋጋውን ግን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ቤታቸውን ለእንግዳ የሚከፍቱ ቤተሰቦች አሉ፤ ክፍል የሚያከራዩም አሉ። ማደር ከቻላችሁ እደሩ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ግን የማንንም በር አታንኳኩ፤ 82 መስጊድ ያለበት ከተማ ነው፣ ሰው ለጁምዓ ይወጣል።

ስትገቡ ቀና ብላችሁ ከበሩ በላይ እዩ። የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። ጫማ አውልቁ። ከፊታችሁ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ያሉ ቀይ መደቦች ታያላችሁ፤ ነደባ ይባላሉ። የቀዩን አፈር ቀለም ምኒልክ ሐረርን በያዙበት በጨለንቆ ጦርነት ከፈሰሰው ደም ጋር የሚያያይዙት አሉ። ግድግዳው ላይ ስፌት ተደርድሯል፤ ከጎኑ ግድግዳው ራሱ እየተቦረቦረ የተሠራ የዕቃ ማስቀመጫ አለ። ጣሪያው ላይ አግዳሚ እንጨቶቹ ተጠጋግተው ተረብርበዋል።

አሁን ቁጭ ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ መጀመሪያ የገባሁ ቀን ዘው ብዬ ደስ ያለኝ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። የቤቱ እናት ሳቅ እያሉ "አንተ ልጅ፣ አባወራ ሆንክ እንዴ?" አሉኝ። አሚር ነደባ ላይ ነበርኩ! እሱ የቤቱ ጌታ ቦታ ነው። እንግዳ ሰፊው ግድር ነደባ ላይ ይቀመጣል። ያኔ ነው ፕላኑ የገባኝ። እኔ ክፍል ለመለየት ግድግዳ እስላለሁ፤ እነሱ አንድ ክፍል ውስጥ ወለሉን ከፍና ዝቅ አድርገው ማን የት እንደሚቀመጥ ጨርሰውታል። ዓምድ ቆጣሪው ጓደኛዬም በሁለተኛው ጉዞ እዚህ ነው ዝም ያለው።

ከጎን ያለችውን ትንሽ ክፍል፣ ኪርታትን፣ ሳታዩ አትውጡ። ሙሽሮች የሚገቡባት እሷ ናት።

ፎቶ ለማንሳት አስፈቅዱ። ከተቻለ ግን እርሳስና ደብተር ይሻላል፤ ሲስሉ ዓይን ይረጋጋል፣ የቤቱ ሰውም ይቀርባል። እኔ ስስል እኚያው እናት ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፦ "አንድ ነደባ ዋጥክ።" ቀና ብዬ ቆጠርኩ። እውነታቸውን ነው፤ አራት ነበር የሳልኩት።