«ርዕስ አምጡ» አትበሏቸው፦ ፍሬሽማን የምናስተምር ሰዎች የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሎጂክና ሒሳዊ አስተሳሰብ በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን የጋራ ኮርስ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ኮርሱን እንዲይዙ የተመደቡ ወጣት መምህራን በየዓመቱ ቢሮዬ ብቅ ይላሉ። ሞጁሉን በእጃቸው ይዘው «ከየት ልጀምር?» ይሉኛል። ምን እንደማይደረግ መናገር ይቀለኛል፤ የማይደረገውን አብዛኛውን እኔም አድርጌዋለሁና።

«እስከ ዓርብ ርዕስ አምጡ»

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «በቡድን ሆናችሁ እስከ ዓርብ የጥናት ርዕስ አምጡ» የሚል መምህር ልጆቹን ገና ሳይነሱ ይጥላቸዋል። ዓርብ ምን እንደሚመጣ አሁኑኑ ልንገራችሁ፦ «የማኅበራዊ ሚዲያ ተጽዕኖ በተማሪዎች ውጤት ላይ»። ሌላው ቡድን «የወጣቶች ሥራ አጥነት መንስኤና መፍትሔ» ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው ቡድንም ማኅበራዊ ሚዲያን ያመጣል፤ የተቋሙን ስም ብቻ ጨምሮበታል።

ርዕሶቹ በራሳቸው ክፉ አይደሉም። ከጀርባቸው የጠየቀ ሰው ግን የለም። ልጁ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ማወቅ የፈለገው ነገር ኖሮ አይደለም። ከእሱ ቀድሞ የገባ ተማሪ በቴሌግራም የላከለት ወረቀት ላይ ያንን ርዕስ ስላየ ነው። ርዕሱ ሲመጣ መልሱም አብሮ መጥቷል፦ «ተጽዕኖ አለው፤ ወላጆችና የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ሊሰጡት ይገባል»። ከዚያ መጠይቅ ይዘጋጃል። ዶርም ውስጥ ሦስት ልጆች አልጋ ላይ ተቀምጠው መቶውንም ቅጽ ይሞሉታል። ሠንጠረዥ ይሠራል፣ መቶኛ ይወጣል። ወረቀቱ መግቢያ አለው፣ ዓላማ አለው፣ መደምደሚያ አለው፤ ጥያቄ ግን ከመጀመሪያውም አልነበረውም። እኛም ቅርጹን አይተን እናርማለን፣ ውጤት እንሰጣለን። በዚህም ለዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ጥናት ማለት አስቀድሞ የታወቀን ነገር በወግ መጻፍ እንደሆነ አስተምረነዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሲሠራም ይህንኑ ይዞ ይሄዳል። ያኔ አማካሪው «ይሄን ልጅ ማን ነው ያስተማረው?» ሲል ያስተማርነው እኛ ነን።

ስለዚህ ርዕስ አትጠይቋቸው። ግራ የሚያጋባ ነገር አሳዩአቸውና ዝም በሉ።

እኔ ከሐይቁ እጀምራለሁ። እዚህ የመጣ ተማሪ በሁለተኛው ሳምንት ሐይቁን ያውቀዋል። አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ በልቷል፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ፎቶ ተነሥቷል። ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ብቻ እጽፋለሁ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። የሐይቁ ውሃ ግን ጨዋማ አይደለም። ቀጥዬ ሻላን እጨምርበታለሁ፦ ከእኛ በስተሰሜን፣ ሩቅ ሳይባል፣ እሱም መውጫ የለውም፤ ውሃው ግን ጨውና ሶዳ የበዛበት ነው። «ለምን ይመስላችኋል?» እልና እቀመጣለሁ።

መጀመሪያ ጸጥታ ይሆናል። ከዚያ አንዱ «ዝናብ ስለሚያቀጥነው ነው» ይላል። ሌላዋ ወዲያው «ሻላ ላይ አይዘንብም እንዴ?» ትለዋለች። አንዱ «ከሥሩ ቀዳዳ አለው» ሲል ክፍሉ ይስቃል። እኔ ያንን ልጅ አጥብቄ እይዘዋለሁ። «ጥሩ። ከታች መውጫ ካለው ምን ብናይ እናውቃለን? ከሌለውስ ምን እናያለን?» ይህች ሁለት ክፍል ያላት ጥያቄ ለእኔ የኮርሱ ግማሽ ናት። አንድ ዓመት ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እንዲህ አለ፦ የሚገባውን ውሃ እንለካ፣ ዝናቡን እንለካ፣ ፀሐይ የምትወስደውን እንገምት፤ ሒሳቡ ካልገጠመ የጎደለው በማናየው መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ልጁ የውሃ ሚዛን የሚባለውን ስሌት ስሙን ሳይሰማ ደረሰበት። አጥኚዎችም በዚሁ መንገድ ሄደው ነው ውሃው ከመሬት በታች እየሰረገ ጨውን ይዞ እንደሚወጣ የሚያስረዱት። ማንም ርዕስ አላመጣም፤ ሃምሳ ሰው ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያጠና ዋለ።

የስህተት ስም ማስሸምደድ

ሞጁሉ ውስጥ የአስተሳሰብ ስህተቶች ዝርዝር አለ፤ አድ ሆሚነም (ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን ማጥቃት)፣ ስትሮው ማን (የሌላውን ሐሳብ አጣሞ ያንን መምታት)፣ ሬድ ሄሪንግ (ነገሩን ወደ ሌላ ጉዳይ ማዞር)። ተማሪው ስሞቹን በሁለት ሌሊት ይይዛቸዋል፣ በምርጫ ጥያቄ ይፈተናል፣ ኤ ያገኛል። በዚያው ቀን ማታ «ይህን መልእክት ለዐሥር ሰው ካላስተላለፍክ» የሚለውን ለዐሥር ሰው ያስተላልፋል። ዝርዝሩን ወደ ኋላ አቆዩት። አንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ ወይም ሰሞኑን የተቀባበሉትን ጽሑፍ አምጡና ሦስት ነገር አስጠይቋቸው። ሰውየው ምን እንድናምን ይፈልጋል? ለዚያ ምን አቀረበ? ያቀረበው ይበቃል? ስሙ በኋላ ሲመጣ «ለካ ይሄ ስም አለው!» ይላሉ፣ አይረሱትምም።

ዝምታን አለማሰብ ብሎ መተርጎም

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ጥያቄ አለ?» ብዬ ሁለት ሰከንድ ጠብቄ የማልፍ መምህር ነበርኩ። ልጆቹ ዝም ሲሉ አልተዘጋጁም፣ አይገባቸውም ብዬ አዝን ነበር። አንድ ቀን ክፍሉን ዘግቼ ስወጣ ከፊት ወንበር የሚቀመጡ ሦስት ልጆች ደረጃው ላይ ቆመው፣ ክፍል ውስጥ አንድም ቃል ባልተናገሩበት ነጥብ ላይ በአማርኛ ሲፋጁ ሰማኋቸው። እኔ ካስተማርኩት የተሻለ ሙግት ነበር። አንደኛዋ የሰጠችውን ምሳሌ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ።

ሁለት ነገር ዘግቷቸው ነበር። አንደኛው፣ ታላቅን መጠየቅ መድፈር ነው ተብለው ያደጉ ልጆች መሆናቸው ነው። እኔም ሰሌዳው ፊት ስቆም ለእነሱ ታላቅ ነኝ። ሁለተኛው እንግሊዝኛ ነው። በሁለት ቋንቋ መካከል ሲመላለስ ሐሳቡ መንገድ ላይ የሚቀርበት ልጅ ብዙ ነው። አሁን የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ደቂቃዎች በፈለጉት ቋንቋ እንዲከራከሩ እተዋቸዋለሁ፤ አማርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ። ከዚያ የደረሱበትን በእንግሊዝኛ ይጽፉታል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው የሚለው ደንብ አልተጣሰም፤ ማሰቢያ ጊዜ ብቻ ተሰጣቸው።

ሙግትም ከውጭ የመጣብን ነገር እንዳልሆነ ንገሯቸው። በድሮው ችሎት «በላ ልበልሃ»፣ «ተጠየቅ» እየተባለ ቃል በቃል ሲመዘን ኖሯል። ሲዳማ ውስጥ ሽማግሌዎች «አፊኒ» ይላሉ፤ «ሰማችሁ ወይ» እንደ ማለት ነው፤ ነገሩ በሁሉም ጆሮ ሳይገባና ሳይመከርበት ውሳኔ አይሰጥም። ከዚህ አካባቢ የመጡ ልጆቼ ይህንን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ እንዲያስረዱን ስጠይቃቸው ድምፃቸው ይለወጣል።

ሳያስተምሩ መቅጣት

ይሄኛው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሁለት ገጽ ሙሉ ከኢንተርኔት ቃል በቃል ገልብጣ ያመጣች ተማሪ ነበረችኝ። ወረቀቷ ላይ በቀይ «ስርቆት» ብዬ ጽፌ ዜሮ ሰጠኋት። ቢሮ መጣች፤ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችምም። በጣም ተገርማ «ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? አንድም ቃል አልቀየርኩም እኮ» አለችኝ። እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ጎበዝ የተባለችው ደብተሩንና መጽሐፉን ሳታዛንፍ በመጻፏ ነበር። እኔ ደግሞ ስለ መጥቀስ ያስተማርኩት አንድ ስላይድ ነበር፤ ያውም ደወል ሊደወል ሲል። ውጤቱን አስተካከልኩላት፤ ያቺን ቃል ግን ከወረቀቷ ላይ ላነሣት አልቻልኩም።

አሁን ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሰጠዋለሁ። አንድ አንቀጽ አብረን እናነባለን። ወረቀቱን ገልብጠን እናስቀምጣለን። ያነበብነውን ለታናሽ እኅታችን እንደምንነግር አድርገን እንጽፋለን፤ ከዚያ ገልጠን እናስተያያለን። የማን ሐሳብ እንደሆነ የምንጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። ሆን ብሎ የሚገለብጥ ተማሪ የለም አልልም፤ አለ። እሱን ከማያውቀው መለየት የሚቻለው ግን ከተማረ በኋላ ነው።

ቁጥር ሲያመጡ ዝም ማለት

«የሐዋሳ ሕዝብ ስንት ነው?» የሚል ቀላል የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። አንዱ ቡድን 157,879 አለ። ሌላው 258,808 አለ። ሁለቱም ምንጫቸው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቆጠራ ነው። አንደኛው ቡድን ሌላውን ውሸታም እስከ ማለት ደረሰ። «ሠንጠረዡን ክፈቱና ከቁጥሩ በላይ ያለውን አርዕስት አንብቡልኝ» አልኳቸው። ትንሹ ቁጥር በከተማዋ ውስጥ የሚኖረው ብቻ ነው፤ ትልቁ በዙሪያዋ ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ይጨምራል። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የመለሱት ግን የተለያየ ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ እነዚያ ልጆች ቁጥር ባዩ ቁጥር «የምን? የት? መቼ?» ይላሉ።

«መቼ» ላይ ደግሞ ሦስተኛው ቡድን ወደቀ። «በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ» ብለው ጽፈዋል። ቆጠራው የተጀመረው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው፤ 2007 የፈረንጆቹ ነው። እንግሊዝኛ ምንጭ አንብቦ በአማርኛ ለሚያስብ ልጅ ይህች ጉድጓድ ሁልጊዜ ተከፍታ ትጠብቀዋለች። የሕዝብ ዕድገት እያሰሉ ስለነበር ስሌታቸው ሁሉ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ተዛነፈ። ዓመተ ምሕረት ነው ወይስ የፈረንጆች አቆጣጠር የሚለውን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከማንኛውም የጥናት ዘዴ በፊት አስተምሩ።

ቻትጂፒቲን ከልክሎ መተኛት

ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ያየሁትን ስህተት ፊት ለፊት አሳያቸዋለሁ፦ መሣሪያው የሌለ ጽሑፍ ከነጸሐፊው፣ ከነመጽሔቱ፣ ከነገጽ ቁጥሩ አሳምሮ ሊሰጥ ይችላል። አንድ ክፍለ ጊዜ ስለ ሐይቁ ማጣቀሻ ያስወጡታል፤ ከዚያ እያንዳንዱን በጎግል ስኮላርና በመጽሔቱ ድረ ገጽ ላይ ያድናሉ። የሌለውን ያገኙ ቀን ፊታቸው ላይ የሚታየው ድንጋጤ ከእኔ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ይበልጣል።

በአጭሩ የማልፋቸው

«ቢያንስ ዐሥር ማጣቀሻ» አትበሉ፤ ዐሥሩን ደርድረው አንዱንም አያነቡም። ሁለት ስጡ፣ ሁለቱንም ያንብቡ።

ስምንት ሰው ያለበት ቡድን አትሥሩ፤ ሁለቱ ይሠራሉ፣ ስድስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ።

ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ሲጠቀስ የራሱ ስም ይቅደም ወይስ የአባቱ የሚለውን እናንተው ወስናችሁ ንገሯቸው፤ ካልነገራችኋቸው አንዱ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይወጣል።

ለእርግጠኝነት ብቻ ውጤት መስጠት

አንዲት ተማሪዬ አሞራ ገደል የዓሣ ዋጋ ረቡዕና ዓርብ ይወደዳል ብላ ተነሣች፤ በጾም ቀን ሥጋ ስለማይበላ ዓሣ የሚፈልግ ይበዛል የሚል ግምት ነበራት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብተር ይዛ ወረደች። ዋጋውን ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ መዘገበች፣ እኩለ ቀን ላይም መዘገበች። በጾምና በፍስክ ቀን መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘችም። ያገኘችው ልዩነት በጠዋትና በቀትር መካከል ነበር። ወረቀቷን ስታስረክበኝ የመጨረሻው ገጽ ላይ «መጀመሪያ ያሰብኩት ልክ አልነበረም» ብላ ጽፋለች። በር ላይ ቆም ብላ ዞረችና «ቲቸር፣ ይሄ ውጤት ያስቀንሳል?» አለችኝ።

ያን ጊዜ የማረሚያ ቅጼ ላይ ለዚህ የሚሆን አንድም ነጥብ አልነበረም። «ዓላማው ተሳክቷል ወይ?» የሚል ሳጥን ግን ነበር፤ በእሱ ብሄድ ትወድቅ ነበር። ቅጹን በዚያው ሳምንት ቀየርኩት። አሁን ከሃያው አምስቱ ነጥብ «ምን ብለህ ጀመርክ? ምን አይተህ ሐሳብህን ለወጥክ ወይም አጸናህ?» ለሚለው ነው። በየዓመቱ በመጀመሪያው ቀን፣ የሐይቁ ጥያቄ ሲያልቅ፣ ከእሷ ፈቃድ ጠይቄ ያስቀረሁትን የዋጋ ሠንጠረዥ ሰሌዳው ላይ እለጥፋለሁ። ማዕዘኑ ላይ ያለው የዓሣ እድፍ እስከ አሁን አልለቀቀም።