አሃዞችን በተራ ስትደረድሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ለጀማሪዎች ፕሮግራሚንግ ሳስተምር በየዙሩ የማልተዋት አንዲት ጥያቄ አለች። ከ0 እስከ 9 ያሉትን አሥር አሃዞች እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅማችሁ ደርድሩ፤ አደራደሮቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲሰለፉ አንድ ሚሊዮነኛው የትኛው ነው? መልሱ 2783915460 ነው። መልሱን ቀድሜ ብነግራችሁም ምንም አይጎዳም፤ ተማሪ የሚሰናከለው መንገዱ ላይ ነውና።

ሁሉንም ማውጣትና በተራ ማውጣት አንድ አይደለም። በኅዳር ውርጭ አንድ ጠዋት፣ አንዲት ተማሪ ጋቢዋን እንደተከናነበች ላፕቶፗን ይዛ መጣች። በ1፣ 2 እና 3 ሞክራለች። ስክሪኑ ላይ 123፣ 132፣ 213፣ 231፣ 321፣ 312 ይላል።

«ቲቸር፣ ስድስቱም ወጥተዋል እኮ!»

«ወጥተዋል። እስቲ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጮክ ብለሽ አንብቢያቸው።»

«ሦስት መቶ ሃያ አንድ፣ ሦስት መቶ አሥራ…» አለችና ዝም አለች።

ኮዱ የመጀመሪያውን አሃዝ ከሌሎቹ ጋር በየተራ እያቀያየረ ራሱን መልሶ የሚጠራ ሪከርሽን ነው። አጭር ነው፣ አንድም አይዘልም፣ አንድም አይደግምም። ነገር ግን 1 እና 3 ቦታ ሲለዋወጡ ከኋላ የሚቀረው 21 ነው፤ 12 መሆን ነበረበት። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ፤ አሁንም ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። የመጀመሪያዎቹ አራት ልክ ስለሆኑ ዓይን ያምናል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ስህተት አለ ብሎ አይናገርም፤ ሚሊዮነኛውን ስትጠይቁት ደህና የሚመስል ሌላ ቁጥር ይሰጣችኋል። አራት መስመር አይቶ «ሠርቷል» የሚል ሰው እስከ መጨረሻው መስመር ያንብብ!

የኔታ ዘንድ ለተማሩት በአቡጊዳ አስረዳቸዋለሁ። ሀሁን የቆጠረ ልጅ አቡጊዳ ሲገባ ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ ተራቸው ግን ሌላ ነው። በሀሁ ተራ ሃያኛው ማን ነው ተብሎ የተጠየቀ በአቡጊዳ ቆጥሮ ቢመልስ ይስታል። የልጅቷም ኮድ ያደረገው ይህንኑ ነው። መፍትሔው ማቀያየሩን መተው ነው፦ የተመረጠውን አሃዝ ከሰልፉ አውጥታችሁ ፊት አቁሙት፣ ከፊቱ የነበሩት ተራቸውን እንደጠበቁ አንድ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ይጠጉ። ያኔ 3 ሲወጣ የሚቀረው 12 ይሆናል።

ሁሉንም አከማችቶ መደርደር። 3,628,800 አደራደር ነው። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በጽሑፍ መልክ ብታስቀምጡት ከ200 ሜጋባይት በላይ ሜሞሪ ይበላል፤ ደግሞም ከነጭራሹ አያስፈልግም። በ0 የሚጀምሩት 362,880 ናቸው፣ በ1 የሚጀምሩትም እንዲሁ፤ ሲደመሩ 725,760። በ2 የሚጀምሩት ሲጨመሩ ሚሊዮንን ስለሚያልፍ የመጀመሪያው አሃዝ 2 ነው ማለት ነው። ለቀጣዩ አሃዝ የተረፈውን ለ40,320፣ ማለትም ለቀሪዎቹ ስምንት አሃዞች የአደራደር ብዛት፣ ማካፈል፤ ድርሻው ካልተመረጡት አሃዞች ስንተኛው እንደሚወጣ ይነግራል፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ዘጠኝ ማካፈል፣ በቃ።

እዚህ ላይ ከማካፈላችሁ በፊት አንድ መቀነስ እንዳትረሱ። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር የሚካፈለው 999,999 ነው። ሚሊዮኑን እንዳለ ያካፈለ ሰው ቀጣዩን 2783915604ን ያገኛል።

ሊስቱን፣ ማለትም አሃዞቹ የተደረደሩበትን ዝርዝር፣ ሳይቀዱ ውጤት ማከማቻው ውስጥ ማስገባት። ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሌሊት ሙሉ አፍጥጬ ያደርኩት 123 ስድስት ጊዜ ተደርድሮ ነው። ሪከርሽኑ ውስጥ ባተምኩት ጊዜ ልክ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሳየው ሁሉም አንድ ዓይነት። አፔንድ የሚባለው የፓይተን ትእዛዝ ማከማቻው ውስጥ የሚያስገባው ያንኑ ሊስት እንጂ የዚያን ቅጽበት ቅጂ አልነበረም፤ ሊስቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ስድስቱም አብረውት ተመለሱ። ጎሕ ሲቀድ ነው የገባኝ። ቅጂውን አስገቡ።

ዜሮን ማጣት። 0123456789ን ወደ ቁጥር ከቀየራችሁት ዘጠኝ አሃዝ ይቀራችኋል። በጽሑፍ መልክ ያዙት። በሲ ቋንቋ 0123 ብሎ የጻፈማ 83 ነው የሚያገኘው፤ ፊቱ ዜሮ ያለበትን ቁጥር በስምንት ቤት ያነበዋልና።

ጭራውን አለመገልበጥ። ካለው አደራደር ቀጥሎ የሚመጣውን የማግኛ ዘዴ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ህንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ናራያና ፓንዲታ የተወልን ነው። ከቀኝ ተነሥታችሁ ወደ ግራ እየሄዳችሁ በስተቀኙ ካለው ጎረቤቱ የሚያንሰውን የመጀመሪያ አሃዝ ትፈልጋላችሁ፤ በስተቀኙ ካሉት መካከል ከእሱ በጥቂቱ ከሚበልጠው ጋር ታለዋውጡታላችሁ፤ ከዚያ ጭራውን፣ ማለትም ከዚያ ቦታ በስተቀኝ ያሉትን አሃዞች፣ ትገለብጣላችሁ። ለምሳሌ 1432 መጀመሪያ 2431 ይሆናል፣ ጭራው ሲገለበጥ ደግሞ 2134። ብዙዎች 2431 ላይ ቆመው ይሄዳሉ፤ አምስት አደራደር ዘለሉ።

የተዘጋጀውን መሣሪያ ሳያውቁ ማመን። አደራደሮችን ራሱ የሚያወጣው የፓይተን መሣሪያ ኢተርቱልስ ተራ የሚጠብቀው የሰጣችሁት ራሱ በተራ ከሆነ ብቻ ነው፤ 312 ብትሰጡት ከ312 ይጀምራል። 112 ብትሰጡት ደግሞ ልዩ የሆኑት ሦስት ብቻ ሆነው ሳለ ስድስት ያወጣል፤ ለእሱ የመጀመሪያው 1 እና ሁለተኛው 1 የተለያዩ ናቸው። የሚደገም አሃዝ ካለባችሁ የናራያናን ዘዴ ተጠቀሙ፤ እኩል የሆኑትን አያለዋውጥምና ሦስቱን ብቻ በተራቸው ያወጣላችኋል።