የብሩክነርን ባለ ሰባት ድምፅ «አቬ ማሪያ» ስታስጠኑ

ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ አንቶን ብሩክነር «አቬ ማሪያ» ለተባለው የላቲን የማርያም ጸሎት ሦስት ጊዜ ዜማ ደርሶለታል። ሦስቱም በኤፍ ሜጀር ስለሆኑ የተሳሳተውን ኖታ አውርዶ ልምምድ ላይ የሚነቃ መሪ ብዙ ነው። የ1856ቱን (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኦርጋንና ቼሎ ያጅቡታል፤ የ1882ቱ ለአንድ አልቶ ድምፅ ከኪቦርድ መሣሪያ ጋር የተጻፈ ነው። እዚህ የያዝነው የ1861ዱን ነው፦ ያለ መሣሪያ የሚዘመር፣ 51 ባር ብቻ ያለው፣ በሥራዎቹ ዝርዝር «ዋብ 6» የተባለው። በኖታው ራስጌ አንድ ሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ)፣ ሁለት አልቶ (ዝቅተኛ የሴት)፣ ሁለት ቴነር (ከፍተኛ የወንድ) እና ሁለት ባስ (ዝቅተኛ የወንድ) ካላያችሁ ሌላ ፈልጉ። ደራሲው በ1896 ስላረፈ ድርሰቱ የቅጂ መብት የለበትም፤ አዲስ ታርመው የወጡ ኅትመቶች ግን ሊኖራቸው ስለሚችል ከማባዛታችሁ በፊት እዩ።

መጀመሪያ የተዘመረው ግንቦት 12 ቀን 1861 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ኦስትሪያ ሊንዝ ከተማ፣ አሮጌው ካቴድራል ውስጥ፣ በራሱ በብሩክነር መሪነት ነው። የካቴድራሉ ኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ ከሲሞን ሴክተር ጋር ለዓመታት ሲማር የቆየውን ጥብቅ የኮንትራፑንት (ዜማን ከዜማ ጋር የማጣመር) ትምህርት የጨረሰውም በዚያው ዓመት ነበር። ድርሰቱ አጭር ሆኖ የማይምረው ለዚህ ይመስለናል፤ የሚሸፍን መሣሪያ የለም፣ ትርፍ ድምፅም የለም።

የሰው ቁጥር። በአንድ ድምፅ ሁለት ሰው፣ በጠቅላላው 14፣ ዝቅተኛው ነው፤ እሱም አንዱ ሲያስል ይፈርሳል። 28 ሰው ካላችሁ 6 ሶፕራኖ፣ 8 አልቶ (4 እና 4)፣ 6 ቴነር (3 እና 3)፣ 8 ባስ (4 እና 4) አድርጉ። ሶፕራኖ ስለማይከፈል ቁጥሩን ማብዛት ፈተና ነው፤ ካበዛችሁት ጩኸቱ ሁለተኛውን አልቶ ይውጠዋል። ጠንካራ አንባቢዎቻችሁን ሁለተኛ አልቶና ሁለተኛ ቴነር ላይ አስቀምጡ። በአራት ድምፅ የለመደ ኳየር መጀመሪያ የሚሰናከለው እነዚህ ጋ ነው፤ ሁለተኛው አልቶ ሳያውቀው ወደ አንደኛው ይሄዳል።

ቃሉን ከዜማው በፊት አስነብቡ። ትርጉሙን ለማስረዳት ብዙ መድከም የለባችሁም። «በሰላመ ገብርኤል መልአክ»ን የሚደግም ሰው «ቤኔዲክታ ቱ ኢን ሙሊኤሪቡስ» ሲባል «ቡርክት አንቲ እምአንስት»ን ይሰማል፤ «ግራትሲያ ፕሌና» «ምልዕተ ጸጋ» ነው፤ «ዶሚኑስ ቴኩም» «እግዚአብሔር ምስሌኪ»። ቅደም ተከተሉ ብቻ ይለያያል። በላቲኑ መጨረሻ ያለው «አሁንም በሞታችንም ሰዓት» የሚለው ልመና ግን በግእዙ የለም፤ እሱን ለይታችሁ አስረዱ።

የአማርኛ ተናጋሪ ዋና ስሕተት ተነባቢዎች ሲደራረቡ መሐል ላይ «እ» መክተት ነው። «ፕሮ» አንድ ክፍለ ቃል ነው፣ «ፕእሮ» አይባልም። «ፍሩክ፟ ቱስ» ሁለት፣ «ሳንክ፟ ታ» ሁለት፣ «ኑንክ» አንድ። ይህች ትንሽ «እ» ከምቱ በፊት ስለምትገባ ሰባቱ ድምፆች በአንድ ላይ እንዳይነሡ ታደርጋለች። በተቃራኒው «ዴ ኢ» እና «ቱ ኢ» ሁለት ሁለት ክፍለ ቃል ናቸው፤ «ደይ» እና «ቱይ» ብለው አያጣብቋቸው። «አቬ» በንጹሕ «ኤ» ያልቃል፣ «አቬይ» አይደለም። «ፔካቶሪቡስ» ላይ «ካ» ጠብቃ ትነበባለች፤ ማጥበቅ ለእኛ ስለማይከብድ እዚህ ትርፋማ ነን። «ሆራ»ን ኦስትሪያውያን ከነ«ሆ»ዋ ይሉታል፣ በሮማው አነባበብ «ኦራ» ነው፤ አንዱን መርጣችሁ ሁሉም ኖታው ላይ ይጻፈው።

ልምምዱን ከመጀመሪያው ባር አትጀምሩ። ሴቶቹ በሦስት ድምፅ ይከፍታሉ፣ ወንዶቹ በአራት ድምፅ ይቀበላሉ፣ ከዚያ ሰባቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኝተው «ዬሱስ» የሚለውን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራሉ፤ ከለስላሳ ተነሥቶ በፎርቲሲሞ (እጅግ በጎላ ድምፅ) ኤ ሜጀር ላይ ይደርሳል። ድርሰቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ስለሆነ የመጀመሪያውን ልምምድ ሩብ ሰዓት ለእነዚህ ጥቂት ባሮች ስጡ። በመጀመሪያ ያለ ቃል፣ በ«ኑ» ብቻ፣ ሦስቱንም እኩል ለስላሳ አድርጋችሁ አስይዙ። ሲ ሻርፕ ማን እንደያዘ ከኖታው ላይ ፈልጉና ያንን ሰው ብቻውን አሰሙት፤ ኮርዱ የሚደበዝዘው እሱ ትንሽ ሲያንስ ነው። ሲስተካከል ቃሉን መልሱ፣ ድምፁን በመጨረሻ አጉሉ። መጀመሪያውን «ዬሱስ» በግማሽ ጉልበት የጀመረ ኳየር ለሦስተኛው የሚተርፈው ጩኸት ብቻ ነው።

ዋናው ጠላት ድምፅ መውረድ ነው። መንሥኤው ብዙ ነው፦ ዝግ ያለ ፍጥነት፣ ትንፋሽ ሲያልቅ የሚዘቅጥ ረጅም ኖታ፣ ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ ኖታ፣ ወደ ታች ሲሄድ ከልክ በላይ የሚሰፋ እርምጃ። የኤ ቱኒንግ ፎርክ (ሲመታ የኤን ድምፅ የሚሰጥ ሹካ መሰል ብረት) ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። መነሻውን ኤፍ ከኤ ሜጀር ሦስተኛ ዝቅ ብላችሁ ታገኛላችሁ፤ ሦስተኛው «ዬሱስ» ላይ ደግሞ ፎርኩ ራሱ የኮርዱ መሠረት ስለሆነ ኳየሩ እየያዘ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ወዲያው መፈተሽ ትችላላችሁ። እዚያ ሩብ ድምፅ ከወረዳችሁ መጨረሻው ላይ ግማሽ መውረዳችሁ አይቀርም። ኤፍ ላይ መውረድ ልማድ ከሆነባችሁ ለአንድ ሳምንት በኤፍ ሻርፕ አለማምዱ፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ምክንያቱም ጉሮሮው የለመደው ቦታ ይቀየርበታል። በፒያኖ አጅባችሁ አታስተካክሉ፤ የፒያኖው ሜጀር ሦስተኛ ከንጹሑ 14 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ያህል ይሰፋል፣ ያለ መሣሪያ ሲዘመር ጆሮ የሚፈልገው ጠበብ ያለውን ነው። ድምፅ ለመስጠትና ለመፈተሽ ብቻ ንኩት።

ፍጥነቱ በደቂቃ ከ54 እስከ 60 ምት ቢሆን ይበቃል፤ ጠቅላላው ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይሆናል። ከዚያ በታች ከሄዳችሁ የሚሰማው ጸሎት ሳይሆን ትንፋሽ ማጠር ነው። ትንፋሽ በተራ ይወሰድ፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች እኩል እንዳይተነፍሱ ኖታቸው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፣ በቃል መሐል እንጂ በሁለት ቃላት መካከል አይሁን፤ ቃል ሲያልቅ ሁሉም መተንፈስ ስለሚያምረው መስመሩ የሚቆረጠው እዚያ ነው።

የወንዶቹ መግቢያ ዘወትር ይጎትታል። ሴቶቹን እያዳመጡ ቆይተው የመጀመሪያውን ክፍለ ቃል ዘግይተው ያነሡታል። መድኃኒቱ ሴቶቹ ከወንዶቹ መግቢያ በፊት ያለውን ሐረግ ሲሉ ወንዶቹ በሹክሹክታ አብረው እንዲሉ ማድረግ ነው፤ ሁለት ልምምድ ይበቃል፣ ከዚያ ሹክሹክታው ይቀራል።

ለመጨረሻው «አሜን» ፎርኩን እጃችሁ ላይ ያዙ። ኮርዱ ለስላሳ ስለሆነ ባሶቹ ትንፋሽ ቆጥበው ካልደረሱ ከሥር ይከፈታል፤ ስለዚህ ከ«ሞርቲስ ኖስትሬ» በፊት እንዲተነፍሱ አድርጉ፣ ከ«አሜን» በፊት ሳይሆን። ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስተጋባ ከሆነ ድምፁ ጣሪያው ላይ እስኪጠፋ እጃችሁን አታውርዱ።