የካሜራ የእጅ ማሰሪያ ስትመርጡ ይቺን ሞክሩ

ለገና ላሊበላ ወይም ሰኞ ባቲ ገበያ ካሜራ ይዛችሁ የምትገቡ፣ በዚያ ግፊያ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካሜራ ከሰው ክንድ ጋር ሲጋጭ ይውላል። የእጅ ማሰሪያ ይሻላል። ግን ሁሉም እኩል አይይዝም።

መሞከሪያው ቀላል ነው። እጃችሁን አስገቡና ማጥበቂያውን ሳትነኩ፣ ፍራሽ ወይም የታጠፈ ጋቢ ላይ ካሜራውን ከአንድ ስንዝር ከፍታ ልቀቁት። ማሰሪያው በካሜራው ክብደት ተስቦ አንጓችሁ ላይ ከጠበቀ፣ ግዙት። ከእጃችሁ ሾልኮ ከወጣ ቢያምርም ይቅርባችሁ። ሰው ሲገፋችሁ ለማጥበቅ ጊዜ አታገኙም።

ስፋቱ ቢያንስ አንድ ጣት ተኩል ይሁን። ቀጭን ገመድ ክብደቱን ሁሉ አንድ መስመር ላይ ስለሚጭነው ቆዳ ይቆርጣል። ጠርዙን ደግሞ በአንጓችሁ የውስጥ በኩል ፈተግ ፈተግ አድርጉት። እዚያ ከሻከራችሁ፣ በባቲ ሙቀት ላብ ሲጨመርበት ያቆስላችኋል።

ከሁሉም በላይ የምትፈትሹት የካሜራው ቀለበት ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ክር ነው። ማሰሪያ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እዚያ ጋ ነው። በጥፍራችሁ ዳሱት፤ ፀጉር ፀጉር ማለት ከጀመረ ዛሬውኑ ቀይሩት።

ረጅምና ከባድ ሌንስ ከገጠማችሁ ግን አይሆንም፤ አንጓ ይጎዳል። የግሸንን አቀበት ስትወጡም ሁለት እጅ ስለሚያስፈልጋችሁ፣ በትከሻ አግድም የሚታንገተውን ያዙ።